የድናለች ጉባኤ

«ግራ እጄ ነው፣ ጌታዬ» አለች አንጓች።

«ሰምቻለሁ። ግን ቀኝ ቢሆን ይሻላል» አለ አፈ ቁስል ደምስ።

«የተሰበረው ግራው ነዋ።»

«የኔ እኅት፣ ግራ እጅ ማንን ያስለቅሳል? ጉባኤ ፊት ቆሜ ‹ግራ እጇ ተሰበረ› ብል፣ ከኋላ የተቀመጡት ‹ቀኙ ተርፎላት የለ እንዴ› ብለው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ቀኝ ነው እንበልና ሰው አልቅሶ ይውጣልሽ።»

«በቀኜ ስሠራ የሚያየኝስ ሰው ምን ይላል?»

«ድናለች ይላላ። እንዲያውም ያምራል።»

አንጓች የታሰረ እጇን አየች። ደምስ የተግባቡ መስሎት የሚለማመደውን የጉባኤ ንግግር ካቆመበት ሊቀጥል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደረጃውስ?» አለች።

«የቱ ደረጃ?»

«ከደረጃ ወድቃ ነው ብለዋል። ቤታችን ደረጃ የለውም። ከመደቡ በቀር የሚወጣበትም የሚወረድበትም ነገር የለውም።»

«ባልሽ የጎተራ ሹም አይደለም? ደረጃ ያለው ቤት አለው ቢባል ክብር ነው እንጂ ስድብ አይደለም። እሱ ራሱ ሲሰማ ደስ ብሎታል።»

«እሱ ሰምቶታል?»

«ታዲያስ። እሱ ሳይሰማውማ እንዴት ይነገራል?» ደምስ መሰልቸት ጀመረ። «እዪ፣ የኔ እኅት፣ አባቴ አፈ ቁስል ነበሩ፣ አያቴም አፈ ቁስል ነበሩ። እስከ ዛሬ አንዲት ሴት ስለ ደረጃ ጠይቃን አታውቅም። ያንቺ ሥራ በመጨረሻ ራስሽን ዝቅ ከፍ ማድረግ ነው። እሱን ልመጂ። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

አንጓች እጅ ነሥታ ወጣች። ለሹም ይህን ያህል ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

በዚያ አገር የተጎዳች ሴት ስለ ጉዳቷ ራሷ አትናገርም። ሹሞቹ ይህን የከለከሉት በክፋት አይደለም፤ በርኅራኄ ነው ይላሉ። የታመመ ሰው ሸክም እንደማይጫንበት ሁሉ፣ የተጎዳች ሴትም ነገር ሊጫንባት አይገባም ብለው ንጉሡ በደግነታቸው አፍ ሾሙላት። አፈ ቁስል ማለት ይህ ነው። ለዚህ ሹመት የሚመረጠው ሰው ድምፁ ያማረ፣ እንባው ቅርብ፣ ቤተሰቡም የታወቀ መሆን አለበት። ራሱ ተጎድቶ የሚያውቅ ሰው ግን ለሹመቱ አይታጭም። ያዳላል ተብሎ ይፈራል።

ሴት በምን እንደምትጎዳም በሕግ ተወስኗል። ሴት የምትጎዳው በደረጃ፣ በበረዶ ወይም በጅብ ነው። ሌላ ነገር ሴትን አይጎዳም። በዚህ የተነሣ ፎቅ በሌለበት አገር ከደረጃ የሚወድቁት ሴቶች ብዛታቸው ለጉድ ነው። በበጋ፣ ሰማዩ እንደ መስተዋት በጠራበት ወር፣ ሴቶች በመኝታ ቤታቸው ውስጥ በበረዶ ይመታሉ። ጅብ ከዚያ አገር ተራራ ከጠፋ አንድ ትውልድ አልፎታል፤ ሆኖም በየዓመቱ እየመጣ ሴት ይነክሳል፤ በጉንም፣ አህያውንም፣ ወንዱንም ሳይነካ ይመለሳል። ይህን ጅብ ማንም አይቶት ባያውቅም ጠባዩን ሁሉም ያውቀዋል።

መኸር ሲገባ «የድናለች ጉባኤ» ይጠራል። በዚያ ቀን የተጎዳችው ሴት በአፈ ቁስሉ እግር አጠገብ፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አፏ ውስጥ ባዘቶ ይደረጋል፤ የታጠበ፣ የተባዘተ፣ እንደ ደመና የነጣ ጥጥ ነው። አፈ ቁስሉ ይናገርላታል። ሕዝቡ ያለቅሳል። ንግግሩ ሲያበቃ እሷ ራሷን ዝቅ ከፍ ታደርጋለች። ይህ እሺታ ይባላል። እሺታው እንደተሰጠ ሊቀ ጉባኤው ተነሥተው «ድናለች» ይላሉ፤ ከበሮ ይመታል፤ ሰው ወደ ግብሩ ይሄዳል፤ ሴቲቱም በዚያው ቀን ወደ ነበረችበት ቤት ትመለሳለች። በዚያ ቤት ውስጥ ላለው፣ ስሙ በጉባኤው ላልተነሣው ሰው ደግሞ የትዕግሥት ካባ ይደረብለታል። ሚስቱ እስክትድን ሳይቆጣ ጠብቋልና።

ከዚያ ወዲያ ያንን ነገር ደግማ ያነሣች ሴት ቁስል ጎርጓሪ ትባላለች። ቁስል ጎርጓሪ ከምንጭ ውኃ አትቀዳም፤ እሳት አትለምንም፤ ሰላም ያላትም ሰው አብሯት ይነወራል።

አንጓች የምትመለስበት ቤት የቢሻው ቤት ነው። ቢሻው የጎተራ ሹም ነው፤ ትልቅ ድምፅና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው። ግራ እጇን በዘነዘና ሰብሮ ሲያበቃ እራቱ ለምን እንደዘገየ ጠይቋል። ከዚያ በፊት የሰበራቸው ነገሮች ከላይ ስለማይታዩ ወደ ጉባኤ አልደረሱም። አሁን እሺታዋን ከሰጠች ወደዚያ ቤት ትገባለች፤ ከገባች በኋላም የምትናገርበት አፍ አይኖራትም። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ለሌላው ሁሉ የዓመት በዓል ነው፤ ለእሷ ግን ሕይወቷ ነው።

*

ጉባኤው እስኪደርስ የተጎዱ ሴቶች የሚቀመጡት ከከተማው ጥግ ባለ፣ ማገገሚያ በሚባል ግቢ ነው። ማገገሚያ ስሙ ነው እንጂ ሥራው ጥጥ ነው። ሴቶቹ ጥጥ ይዳምጣሉ፣ ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ። በየሴቱ አፍ የሚገባው ባዘቶ ከዚያ ግቢ ነው የሚወጣው። የትዕግሥት ካባውም የሚሸመነው ከእነሱው ፈትል ነው። የመንግሥቱ የእጅ ሥራ አለቃ ግቢውን በጎበኙ ጊዜ «ለራሳቸው የሚሆነውን በራሳቸው እጅ ማምረታቸው ያስመሰግናቸዋል» ብለው ነበር።

በግቢው ውስጥ ጥጥ አቀብዪኝ ከማለት በቀር ማውራት ክልክል ነው። ዘበኛው ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ ያዳምጣል። ነገር ግን ባዘቶ የሚባዘተው በደጋን ነው፤ ደጋን ደግሞ ጅማቱ ሲመታ ድም ድም እያለ ግቢውን ይሞላዋል። ክልከላውን የጻፈው ሰው ጥጥ አባዝቶ አያውቅም ነበርና ይህን አላሰበውም። እትዬ ደብሪቱ ደጋኗን ጠበቅ አድርጋ መምታት ስትጀምር፣ ሴቶቹ አንዷ ልትናገር እንደሆነ ያውቃሉ።

እትዬ ደብሪቱ በዕድሜ የሁሉ ታላቅ ናት። ከጉባኤ ፊት ቀርባ ድናለች የተባለችበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ በሹሞቹ አቆጣጠር በአገሩ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ጤነኛ ሴት የለም። ባሏ ሞቶ ካባዎቹን ትቶላት ስለሄደ እነሱን ለአልጋ ልብስ ታደርጋቸዋለች። አሁን ሕመም ባይኖርባትም ከግቢው አልወጣችም። የምትወጣበትን ቀን የሚነግራት ሹም ስለ ረሳት፣ እሷም አላስታወሰችውም።

አንጓች መጀመሪያ ወደዚህ ግቢ ስትገባ ስሟን እንኳ መናገር አቅቷት ነበር። አፏን ትከፍታለች፤ ምንም አይወጣም። እጇ በቀርከሃ ታስሮ፣ ጥግ ይዛ፣ የወደቀ የጥጥ ፍሬ ስትለቅም ትውላለች። ሌሎቹ ሴቶች አልተጠጓትም፤ አላባበሏትምም። ደጋኑ ሲመታ ግን ተራ በተራ የየራሳቸውን ይናገሩ ነበር። የሚሰሙት አያለቅሱም፣ አይመክሩም፣ «አይዞሽ» እንኳ አይሉም። አንዲት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ከዚያስ?» ይላሉ። ተናጋሪዋ ስትቆም እነሱም ይቆማሉ። በሌላ ቀን ስትጀምር እንደገና «ከዚያስ?»።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንጓች ከጥጉ ሆና «ግራ እጄ ነው» አለች። ድምፅዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። ሴቶቹ ቀና አላሉም። እትዬ ደብሪቱ ደጋኗን ሳታቋርጥ «ከዚያስ?» አለቻት። ያን ቀን ከዚያ የሚቀጥል አልነበረም። በማግስቱ ግን ነበረ። ከዚያ በኋላ እያለ እያለ ዘነዘናው መጣ፣ እራቱ መጣ፣ ከዘነዘናው በፊት የነበሩትም መጡ። ተናግራ ስታበቃ ሁልጊዜ ደህና አትሆንም ነበር፤ አንዳንዴ ያስመልሳት ነበር። ግን እንቅልፍ መጣላት፤ ምግብም ጣፈጣት።

ከደምስ ጋር ተከራክራ የተመለሰች ዕለት ታዲያ፣ ደጋኑ እየተመታ ሴቶቹ ከበቧት።

«ምን አደረጋት?» አለች እትዬ ደብሪቱ። እጅን ማለቷ ነው።

«ቀኝ አደረጋት።»

ሴቶቹ አፋቸውን በጥጥ ከድነው ሳቁ።

«የኔስ ምን ሆነ መሰለሽ» አለች እትዬ ደብሪቱ። «አንድ ዓመት ጅብ ነከሳት አለ። በሌላው ዓመት ያችኑ ጠባሳ በረዶ አደረጋት። ጅቡ የት ሄደ ብዬ እንዳልጠይቅ ባዘቶው አላስወራኝ።»

«እኔንማ ጅቡ ‹ይቅርታ ጠይቋት ሄደ› ነው ያለው» አለች ሌላዋ። «ያ ቦታ ላይ ሰዉ ሁሉ ተነካ።»

አንጓች ግን ሳቁ ቶሎ ለቀቃት። «እትዬ፣ አንገቴ በራሱ ቢነቀነቅስ?» አለች።

«እንዴት በራሱ?»

«በቢሻው ቤት የማደርገው እሱን ነበር። እሱ ሳይጨርስ እኔ እነቀንቃለሁ። አሁንም አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር አንገቴ እንዲሁ ይሄዳል። አልፈልግም እያልኩ ይሄዳል።»

እትዬ ደብሪቱ ደጋኗን ለጎኗ ላለችው ሴት አቀበለች፤ ድም ድሙ ቀጠለ። «የኔም እንደዚያው ነበር የሚሄደው» አለች። «በመጣብሽ ቁጥር በሆድሽ ‹ከዚያስ?› በዪ። የሚጠይቅ ሰው አይነቀንቅም።»

«እሺታ ካልሰጠሁ ምን ያደርጉኛል?»

«ማንም ሳይሰጥ ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። ሕጉ የሚለው እሺታ ሳይሰጥ ጉባኤ አይነሣም፣ ጉባኤ ሳይነሣ ደግሞ ከጉባኤ አይወጣም፣ ውኃም እህልም አይቀመስም ነው። ይኼንን ያወጡት ነገሩ ቶሎ ቶሎ እንዲያልቅ ነው።»

*

ጉባኤው የተቀመጠው በአደባባዩ ዋርካ ሥር ነው። ሊቀ ጉባኤ እንግዳሸት ከነሹሞቻቸው ጥላው መካከል ተቀመጡ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ። በስተጀርባ ለግብሩ በሬ ታርዷል፤ የጥብሱ ሽታ ገና ከጠዋቱ አደባባዩን ዞሮታል። ቢሻው አዲስ እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሶ ከሹሞቹ አጠገብ ቆሟል። ከጎኑ እናቱ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ካባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ካባውን ማልበስ የእናት ክብር ነው። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል ማድረግ ልማዳቸው ነው፤ የፊት ጥርሶቻቸው በልጅነት ትዳራቸው ስለ ወለቁ። ጥርሶቹን በረዶ እንደ መታቸው በዚሁ ዋርካ ሥር ተነግሯል። የተናገሩላቸው የደምስ አባት ነበሩ፤ ወይዘሮዋም በጊዜው እሺታቸውን ሰጥተው ድነዋል።

ባዘቶው በአንጓች አፍ ገባ። ደምስ ተነሣ፤ ኩታውን አጣፋ፤ ጀመረ።

ንግግርስ ያውቅበታል። ደረጃውን ከሥሩ እስከ ጫፉ አቆመው፤ እንጨቱ የዋንዛ ነው አለ። የአንጓችን ቀኝ እጅ የወፍ ክንፍ አደረገው። ክንፉ ሲሰበር ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ዐይናቸውን ጠረጉ። ደምስም ራሱ አለቀሰ፤ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያለቅስ ያውቃል። ሲያበቃ እጁን ወደ አንጓች ዘረጋ።

የአንጓች አንገት ሊሄድ ቃጣው። ከዚያስ? አለች በሆድዋ። አንገቷ ቆመ።

ሰው ጠበቀ። ከበሮ መቺው ክንዱን አንሥቶ ነበርና መልሶ አወረደው።

«የኔ እኅት» አለ ደምስ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «አልቋል እኮ። ነቅንቂ።»

አልነቀነቀችም።

ሊቀ ጉባኤው ሳል አሉ። «አፈ ቁስል፣ ምናልባት ደረጃው አልተስማማት ይሆናል። በረዶውን ሞክርላት።»

ደምስ በረዶውን ሞከረላት። ሰማዩን አጠቆረ፤ እንቁላል የሚያካክል በረዶ አወረደ። አንጓች ዐይኗ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ላይ አረፈ። የካባውን ጥለት የያዙት ጣቶቻቸው ነጭ እስኪሆኑ ተጨብጠዋል። በረዶው አባራ፤ እሺታ ግን አልመጣም። ደምስ ጅቡን አመጣ። ጅቡ መጥቶ ነክሶ ሄደ፤ እሺታ የለም።

ከኋላ ያለ አንድ ሰው «መጀመሪያ ከደረጃው የወደቀው ማን ነው፣ ጅቡ ነው እንዴ?» አለ።

«ዝም በል፣ እኔም ጠፍቶብኛል» አለው ጎረቤቱ።

አንድ ሹም ተነሥቶ፣ በረዶ እየዘነበ ሳለ ጅቡ ደረጃው ላይ አግኝቷት ቢገፋትስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሊቀ ጉባኤው ሐሳቡ ሁሉንም ወገን የሚያስማማ ነው ብለው አመሰገኑት። ደምስ እሱንም ተናገረ፤ ግን ድምፁ መሻከር ጀምሮ ነበር። የዋርካው ጥላ ከሹሞቹ ላይ ቀስ እያለ ሸሸና ወደ ሴቶቹ ሄደ። ፀሐዩ የሊቀ ጉባኤውን መላጣ አገኘው። ጥብሱ ይሸታል። ሴቶቹ በሕጉ ከጉባኤ አይቆጠሩምና፣ የጠማት እየሄደች ከምንጩ ጠጥታ ትመለስ ነበር፤ ወንዶቹም አፏን ስትጠርግ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር።

«ምን ልበልላት?» አለ ደምስ በመጨረሻ፤ ላቡ ይንጠባጠባል። «ያለኝን ሁሉ አልኩ። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም።»

«ጠይቃት» አሉ ሊቀ ጉባኤው።

«አፏ ውስጥ ባዘቶ አለ።»

ሊቀ ጉባኤው ረሃብ ባይኖርባቸው ኖሮ ያሰቡበት ነበር። «አውጣላትና በጆሮህ ትንገርህ። ላንተ ብቻ። የምትፈልገውን ቶሎ ተናገርላትና እንነሣ።»

ደምስ ጎንበስ ብሎ ባዘቶውን አወጣላትና ጆሮውን አስጠጋ። አንጓች ጆሮውን አየችው፤ ንጹሕ ጆሮ ነው። ከዚያ ከበርጩማዋ ተነሣች።

«ግራ እጄ ነው» አለች።

«አይሰማም» አለ ከኋላ ያለው ሰውዬ።

«ግራ እጄ ነው። ደረጃ የለንም። ቢሻው ነው። በዘነዘና ነው።» ቆመች። ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋባት፤ የጉባኤው ዐይን ሁሉ እሷ ላይ ነበር፤ አንገቷም እንደገና ሊሄድ ተንቀሳቀሰ።

«ከዚያስ?» አለች እትዬ ደብሪቱ ከአጥሩ ጥግ። በዚህ ጊዜ የሚሸፍናት ደጋን አልነበረም።

«ከዚያ ‹እራቴስ?› አለኝ።»

«ከዚያስ?» አሉ ሌሎቹ የማገገሚያ ሴቶች።

«ወጡን በአንድ እጄ አወጣሁ። ወጡ ፈሰሰ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጎኔን በእርግጫ ነበር። እሱን ማንም አላየውም። ጽንስ ነበረኝ። እሱም አልታየም።» ነገሩን አላሳመረችውም። የኋላው ከፊት እየቀደመ፣ እየተመለሰች እያረመች ተናገረች። አላለቀሰችም። ስትጨርስም ያለቀ አይመስልም ነበር፤ ዝም ስትል ነው ማለቁ የታወቀው።

ከወንዶቹ መካከል ያለቀሰ የለም። አንዱ ሽማግሌ «እንዲህ ደረቅ አድርጋ ነው እንዴ የምትናገረው» አሉ። «የደምስ ይሻል ነበር።» ደምስም ቢሆን ከልቡ አዝኖ ነበር። «ዘነዘናውን መጀመሪያ ላይ ማውጣት አልነበረባትም» አለ። «ለመጨረሻ ነው የሚቀመጠው። አባከነችው።» ቢሻው እጀ ጠባቡ ላይ የሌለ ጉድፍ ያራግፋል።

ሊቀ ጉባኤው እጃቸውን አነሡ። «መልካም። የልብሽን ተናገርሽ፤ ሥርዓት ባይሆንም ሰማንሽ። እንግዲህ ነቅንቂ።»

«አልዳንኩም» አለች አንጓች።

«ተናግረሽ የለ እንዴ?»

«ተናገርኩ። አልዳንኩም።»

«መቼ ነው ታዲያ የምትድኚው?»

«ስድን እኔው እነግራችኋለሁ። ብድንም ወደ ቢሻው ቤት አልመለስም።»

ይህ ለሕጉ አዲስ ነገር ነበር። ሹሞቹ አንገት ለአንገት ተያይዘው መንሾካሾክ ጀመሩ። ከመካከላቸው ሕግ ዐዋቂ የሚባሉት፣ ሕጉን ሁሉ በቃላቸው የያዙ ነገር ግን ከረሃብ በቀር ምንም የማያስታውሳቸው ሽማግሌ፣ በድንገት ጉልበታቸውን መቱ።

«አለ» አሉ። «አለ። ምራት የአማቷ ልጅ ናት፤ ልጅ ደግሞ ለራሷ አታውቅም። ስለዚህ የባል እናት ስለ ምራቷ እሺታ ልትሰጥ ትችላለች። የባል እናት ከነቀነቀች ምራት ድናለች። የታወቀ ነው።»

ጉባኤው በእፎይታ ተነፈሰ። ከበሮ መቺው እንደገና ክንዱን አነሣ። አንጓች በርጩማዋን በእጇ ዳበሰች። ሁሉን ነገር አስባ ነበር፤ በሌላ ሰው አንገት እንደምትድን ግን አላሰበችም። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ታውቃቸዋለች። በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ «ቻዪው» ከማለት ሌላ ነገር ነግረዋት አያውቁም። እጇ የተሰበረ ዕለትም ሌላ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ሰምተው በሩን ዘግተዋል።

«እማዬ» አለ ቢሻው፣ «በዪ አንዴ ነቅንቂላቸውና እንብላ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከመቀመጫቸው ተነሡ። ካባው በእጃቸው ነው።

«ወይዘሮ፣ ምንም አይከብድም» አሉ ሊቀ ጉባኤው በለስላሳ ድምፅ። «ዝቅ፣ ከፍ። ያውቁበታል እርስዎ።»

ደምስም ሊረዳቸው ፈልጎ ጠጋ አለ። «እማማ፣ አባቴ ስለ እርስዎ ሲናገሩ ሕፃን ሆኜ ሰምቻለሁ» አለ፤ ፊቱ በርቷል፤ ከልቡ ነው የሚናገረው። «እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። እንዴት ያለ የሚያምር በረዶ ነበር።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አዩት። አተኩረው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱት። ጥርስ የሌለው አፋቸው በቀትር ፀሐይ ታየ፤ ብዙዎቹ ወንዶች አይተውት አያውቁም ነበርና ፊታቸውን አዞሩ። የሚናገሩ መስሎ ጉባኤው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ወይዘሮዋ አንጓችን አንድ ጊዜ አዩዋት፤ ልጃቸውንም አዩት። ካባውን አጣጥፈው እንደ ታጠበ ልብስ ክንዱ ላይ አስቀመጡለት። አገጫቸው ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄደም።

ዞረው ወደ አደባባዩ በር መራመድ ጀመሩ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ቢሻው።

አልመለሱለትም። ሊከተላቸው አንድ እግሩን አነሣ፤ እሺታ ስላልተሰጠ ጉባኤው ገና አልተነሣምና መልሶ አስቀመጠው። ሹሞቹም በፀሐዩ ላይ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በተኮለኮሉት ወንዶች መካከል፣ በጥብሱም አጠገብ አልፈው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በበሩ ወጥተው ሄዱ።